ቤቱ የሚሞቅበት ቀን

«ልጅቷ ፈርማለች» አሉ ፕሮፌሰር ዡዎ ከበሩ ወዲያ፣ በስልክ። «ነገር ቢመጣም ስሙ የእሷ ነው፤ አንተ ጭነቱን ላክ። ደግሞስ ማነው ማይክሮስኮፕ ይዞ ግድግዳ የሚያይ?» ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው ክፉ አልነበረም፤ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ተማሪ ሲሳሳት የሚስቋት፣ ማንንም የማታስቀይም ሳቅ ናት። ሱቺን ለማንኳኳት ያነሣችው እጅ አየር ላይ ቀረ። በሌላው እጇ ከማይክሮስኮፕ ክፍል ገና ያተመቻቸውን አራት ፎቶዎች ይዛለች፤ ወረቀቶቹ ከማተሚያው የወጡበት ሙቀት አልለቀቃቸውም። ልጅቷ የተባለችው እሷ ናት። የአዲስ ቤት ሽታ እንዲያጠፋ ግድግዳ ላይ በሚረጨው ቢጫ ዱቄት የምስክር ወረቀት ላይ «መርማሪ» ከሚለው ቃል ጎን ስሟን የጻፈ ሌላ ሰው በቤተ ሙከራው ውስጥ የለም።

ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቀች፤ ከተዘጋም በኋላ፣ የሰማች እንዳይመስልባት፣ እስከ ሃያ ቆጥራ አንኳኳች። ፕሮፌሰሩ እንደ ወትሯቸው ከወንበራቸው ተነሥተው የጃስሚን ሻይ ቀዱላት። ቢሯቸው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ወደ ሚን ወንዝ ያያል፤ ወንዙ ዛሬ በካፊያው ውስጥ ግራጫ ሆኖ ዳርቻው አይለይም። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችላቸው። ማብራራት አያስፈልግም ነበር፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ያዩት የነበረው ያንኑ ነገር ነው። ቢጫው ዱቄት እያንዳንዷ ቅንጣቱ ክሪስታል ናት፣ ውስጧ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ። ቀዳዳዎቿ ከአዲስ ቤት ዕቃ ሙጫ የሚወጣውን የፎርማልዴሃይድ ጋዝ ይጎርሳሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባት ደግሞ የክሪስታሏ ገጽ የተጎረሰውን ሰባብሮ ውኃና ተራ አየር ያደርገዋል። ግን ገጽ ሁሉ አንድ አይደለም። ሁለት ፒራሚዶች ግርጌ ለግርጌ እንደተጣበቁ ሆና ካደገች፣ ዘንበል ያሉት ስምንቱ ገጾቿ ይሠራሉ። እንደ ኪኒን ተጠፍጥፋ ካደገች ግን፣ ሰፊው ገጿ ብርሃኑን ተቀብሎ ዝም ይላል። ቀዳዳዎቹ መጉረሳቸውን አይተዉም፤ የጎረሱትን የሚያላምጥ ጥርስ ብቻ ነው የሚጠፋው።

በአራቱም ፎቶ ላይ ያለው ኪኒን ነው።

«ከፋብሪካው በርሜሎች ከስንቱ ወሰድሽ?»

«ከሦስት። አሲዱን ቀንሰውታል መሰለኝ፤ ወይ ሰዓቱን አሳጥረውታል። እኔ ያኔ የመረመርኩት እኛው ማሰሮ ውስጥ ያበሰልነውን ነበር። ከበርሜሉ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ሱቺን፣ ቅርጽ ለጽሑፍ ነው። መጽሔቶች ቅርጽ ይወዳሉ። አዲስ ቤት የገባች ሴትዮ የምትፈልገው ሽታው እንዲጠፋላት ነው። ጠፍቷል አልጠፋም?»

«ጠፍቷል። ግን የት እንደሄደ—»

«ይቺን ጥያቄ ለመመረቂያሽ ቀን አስቀምጫት፤ ሰኔ አይደል?» ሻዩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ወንድምሽ ዛሬ ቤት ይገባል ብለሽኝ ነበር። ሰላም በይልኝ። ለአንቺ ስል በግማሽ ዋጋ ነው ያስረጨሁለት።»

ሱቺን ሻዩን ጠጣች። ጽዋውን አስቀምጣ አመሰገነች፣ ፎቶዎቹን ሰበሰበች። ፕሮፌሰሩ ከአራቱ አንዱን በጣታቸው ይዘው አስቀሩትና መሳቢያቸው ውስጥ አኖሩት። ለምን አንዱን ብቻ እንዳስቀሩ ቀኑን ሙሉ ስታስብ ዋለች።

ቤተ ሙከራው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ቤት ልማድ ቀድሞ የገባ ተማሪ ታላቅ ወንድም፣ ኋላ የመጣች ታናሽ እህት ናት፤ ፕሮፌሰሩ ደግሞ በሌሉበት «አለቃ» ይባላሉ። ታላቅ ወንድም ጂያሼንግ ማስክ አገጩ ላይ አውርዶ ከፕላስቲክ ሳህን የዓሣ ድቡልቡል ይበላል፤ መብላት ክልክል ከሚለው ማስታወቂያ ሥር መቀመጫውን ያደረገው ሆን ብሎ ነው። ሱቺን ከመስተዋት ሣጥኗ ፊት ተቀመጠች። ሣጥኑ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ያክላል፤ ውስጡ ከበርሜሉ ዱቄት የተረጨበት ሸክላ፣ ከላይ መብራት፣ ከጎን ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ አለ። ትናንት ጋዝ አስገብታበት ነበር። በስድስት ሰዓት ውስጥ ቁጥሩ ከአንድ ወደ ነጥብ ዜሮ አምስት ወርዷል፤ ልክ በፈረመችው ወረቀት ላይ እንዳለው፣ ልክ ጥሩው ክሪስታል እንደሚያወርደው። ስድስት ሰዓትና ሃያ አምስት ዲግሪ፤ ሁሉም ሰው የሚለካው በዚህ ነው። በዚህ ልክ ከሄዱ መጉረስና ማላመጥ አይለዩም። ሱቺን ስትፈርም ይህን አላሰበችም ነበር፤ ማሰብ ደግሞ ሥራዋ ነበር።

ስልኳ ላይ የቤተሰቡ መልእክት ከጧት ጀምሮ ይንጫጫል። ወንድሟ ዴሹ የአዲሱን ቤት ወጥ ቤት ፎቶ ልኳል፤ አራቱም ምድጃ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። የሚስቱ የፋንግሩ እናት ትእዛዝ ያስተላልፋሉ፤ በአሥራ አንድ ሰዓት መግባት፣ አራቱን ምድጃ አብሮ መለኮስ፣ በየክፍሉ መብራት፣ ሳሎን ውስጥ የከሰል ማንደጃ፣ እሳትም መብራትም እስከ ነገ ጧት እንዳይጠፋ። ቤት ማሞቅ ማለት ይህ ነው። ቀኑን ከዘመን መቁጠሪያው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሱቺን የአጎቷ ቤት የሞቀበትን ቀን ታስታውሳለች፤ ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሙቀት መለኪያ ሠላሳ ሦስት ላይ፣ ሁሉም ደስ ብሎት። መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ተነሥታ የማሞቂያውን ቀበቶ በሣጥኑ ዙሪያ ጠመጠመችና ሠላሳ ሁለት ላይ አደረገችው።

«ታናሽ እህቴ፣ ሣጥኑ ብርድ ብርድ አለው እንዴ?» አለ ጂያሼንግ ከተቀመጠበት። «ሾርባ ልስጠው?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

«አለቃ ጋ ገብተሽ ነበር። ፊትሽን ሳየው ምርቃቱ ወደ ጥቅምት የተላለፈ መሰለኝ።»

እኩለ ቀን ሆነ። ቁጥሩ ነጥብ ዜሮ አምስት ላይ ቆሞ ቆየና ዜሮ ስድስት አለ። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ውጪ ካፊያው ዝናብ ሆነ፣ እንደገና ካፊያ ሆነ። ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ። የተፈቀደው ነጥብ ዜሮ ስምንት ነው። መብራቱ አልጠፋም፣ ከውጪ የገባ ጋዝ የለም፣ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ነጥብ ሁለት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ነጥብ ሠላሳ አንድ። ጂያሼንግ ሳህኑን ጥሎ መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ከአፉ ቀልድ አልወጣም። 

«የጎረሰውን መለሰው» አለ በመጨረሻ፣ በዝግታ። ከዚያ ማስኩን ወደ ላይ ሳበው። «ስሚኝ፣ ዛሬ ከሰዓት እኔ እዚህ አልነበርኩም። ሚስቴ ፋብሪካው ውስጥ ነው የምትሠራው። አንቺም ብልህ ከሆንሽ ቀበቶውን ፍቺና ሂጂ።»

ቀበቶውን አልፈታችም። የኪስ መለኪያውን ከመደርደሪያ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወንድሟ ጋ ደወለች። ዴሹ የሚጮኸው ደስ ሲለው ነው፤ ዛሬም ይጮኻል። «የት ነሽ አንቺ? ብርቱካን ይዘሽ ነይ፣ ሁለት ሳይሆን ስምንት፣ አማቴ በቁጥር ነው የምታየው። ቁም ሳጥኑ ገጥሟል! ሱቺን፣ የሕፃኑ ክፍል ውስጥ ልክ እንደተሠራለት ነው የገጠመው።» ቁም ሳጥኑን ታውቀዋለች። አሥራ አንድ ሺህ ዩዋን የፈጀ፣ ከተጨመቀ ኮምፔልሳቶ የተሠራ፣ በነጭ ቀለም ሥር ሙጫው ገና ያልደረቀ። «ወንድምዬ፣ አንድ ነገር—» አለች። «መጥተሽ ንገሪኝ» አለና ዘጋው።

በአውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ላብ አውጥቶ ምንም አያሳይም። ሱቺን ብርቱካኑን ጭኗ ላይ ይዛ የምትናገረውን ቃል ስትሰካካ ሄደች። ከሁሉ የከበዳት ፋንግሩ ናት። ፋንግሩ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ በእናቷ ሃይማኖት ቢሆን ኖሮ ከወለደች መቶ ቀን ሳይሞላት ቤት አትቀይርም ነበር። እርጉዝ ባለችበት ዕቃ አይነሣም፣ ምስማር አይመታም፤ የፅንሱ ጠባቂ መንፈስ የት ጥግ እንደተቀመጠ ማን ያውቃል? ሴትዮዋ ሁለት ወር ሙሉ እምቢ ብለው ነበር። እሺ ያሰኛቸው ወረቀቱ ነው። ዴሹ ወረቀቱን ሲያነብላቸው፣ ከሥሩ የእህቱን ስም በጣቱ ሲያሳያቸው፣ «የተማረ ሰው ከፈረመበትማ እኔ አሮጊቷ ምን እላለሁ» ብለው ነበር። ሱቺን ያን ቀን እዚያው ነበረች። ኮርታም ነበር።

አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ በሩ ክፍት ነው፤ መግቢያው ላይ ሃያ የሚሆን ጫማ ተደርድሯል። ሱቺን ጫማዋን አውልቃ ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ማሽተት ነው። ምንም አይሸትም። አዲስ ቤት የሚሸተው ነገር ሁሉ፣ ቀለሙ፣ ሙጫው፣ እንጨቱ፣ አንዱም የለም፤ የዳክዬ እንቁላል ሾርባና የከሰሉ ሽታ ብቻ። ግድግዳዎቹ፣ በርትቶ ላያቸው፣ የአበባ ብናኝ ያረፈባቸው ይመስል ጭላንጭል ቢጫ አላቸው። ዴሹ ከምድር ባቡር የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሳሎን ውስጥ ቆሞ ላቡን እየጠረገ ይስቃል። አራቱም ምድጃዎች ይነድዳሉ። መስኮቶቹ ዝናቡ ስለሚገባ ተዘግተዋል። ፋንግሩ ሶፋው ላይ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የዓይኗ ጠርዝ ቀልቷል። «መጣሽ?» አለች ፈገግ ብላ። «መጣሁ» አለች ሱቺን። ሁለቱ ከዚህ በላይ ተነጋግረው አያውቁም ነበር፤ ይዋደዳሉ ተብሎ የሚታመነውም በዚህ ነው።

ወንድሟን በእጅጌው ይዛ ወደ በረንዳው ወሰደችው። እያነሰች በምትሄድ ድምፅ ነገረችው፤ ፎቶዎቹን፣ ሣጥኑን፣ ሠላሳ ሁለቱን ዲግሪ። ዴሹ ዝናቡን እያየ ሰማት። ሰው ሲጠራው ሳይዞር እጁን አነሣና «መጣሁ» አለ፤ ግን አልሄደም።

«ዛሬ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው?»

«የእኔ።»

ዴሹ የበረንዳውን ብረት በመዳፉ አንዴ፣ ሁለቴ ጠረገው፤ ውኃው ወደ ታች ተንጠባጠበ። «አንዲት ሌሊት ናት» አለ። «አሁን ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስቤ እሳት አጥፉ ብል፣ አማቴ ልጇን ይዛ ነው የምትሄደው። ልጁ ነገ አንድ ነገር ቢሆን፣ እሳቱን ያጠፋኸው አንተ ነህ ነው የምትለኝ። ነገ እናወራለን፣ እሺ? ነገ።» ገብቶ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ፤ ወዲያው ሳቁ ተሰማ፣ ከቅድሙ ትንሽ ከፍ ያለ።

ሱቺን በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። በክፍል ውስጥ እንኳ እጇን የምታነሣው ሌላው ሁሉ አውርዶ ሲጨርስ ነው። ስለዚህ አልተናገረችም፤ ወጥ ቤት ገባችና የመጀመሪያውን ምድጃ ዘጋች። ሁለተኛውን ዘጋች። ሦስተኛው ላይ እጇ ሳለ የፋንግሩ እናት ከበሩ ላይ ጮኹ።

«እጅሽን! እጅሽን ከእሳቱ ላይ አንሺ!»

አሮጊቷ መጥተው ገፍተዋት ሁለቱን ምድጃዎች መልሰው ለኮሱ። «የልጄን ቤት እሳት የምታጠፊው ምን በድለንሽ ነው? ከጠላት ነው የተላክሽው?»

«አክስቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሙቀቱ ነው። ግድግዳው ጋዙን ይዞታል እንጂ አላጠፋውም። ቤቱ ሲሞቅ መልሶ ይለቅቀዋል። ፋንግሩ ዛሬ እዚህ ባታድር...» መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችው፣ ቁጥር የሚናገርላት ይመስል። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ከዴሹ ባልደረቦች አንዱ፣ ወፍራም፣ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ «ነጥብ ዜሮ ሰባት። ስንት ነው የሚፈቀደው?»

ሱቺን ቁጥሩን ራሷ ደግማ አየችው።

«ስንት ነው?» አለ ዴሹ።

«ስምንት።»

«እንግዲህ እኮ!» ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የእኛ ቢሮማ ሃያ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህ ነው አለቃችን መላጣ የሆነው!» ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ፤ ሰው እፎይ ሲል የሚስቀው ሳቅ። «ገና ነው፤ ቤቱ ገና አልሞቀም» አለች ሱቺን፤ የሰማት የለም። አሮጊቷ ብቻ አልሳቁም። መግቢያው ላይ በቀይ ፍሬም የተሰቀለውን ወረቀት አውርደው ይዘውት መጡ።

«ይሄ ያንቺ እጅ ነው?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«እዚህ ላይ የጻፍሽው ውሸት ነው?»

«አዎ። ሳላውቅ... አዎ።»

«እሺ።» ወረቀቱን በጥንቃቄ፣ እንዳይቀደድ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ያን ጊዜ በወረቀት ዋሸሽኝ። አሁን በአፍሽ የምትነግሪኝን በምን ልመን? ልጄን ከቤቷ በመጀመሪያው ሌሊት የማስወጣት በአንቺ ቃል ነው?» ሱቺን ወንድሟን አየችው። ዴሹ ማንደጃው ላይ ከሰል እየጨመረ ነበር፤ በጉጠት፣ አንድ አንድ ፍሬ፣ ቀና ሳይል።

ውጪ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን ስታደርግ የግራውን ከቀኝ መለየት አቃታት። ሊፍቱን ጠራች። ሊፍቱ ከታች ነው፤ በየፎቁ እየቆመ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ከኋላዋ በሩ ተከፈተና ፋንግሩ በባዶ እግሯ ወጣች። ከፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። እጇን ዘረጋች። ሱቺን ገብቷት መለኪያውን ሰጠቻት።

ፋንግሩ ተመልሳ ገባች፤ በክፍቱ በር ሱቺን አየቻት። በእንግዶቹ መካከል፣ አንዷን «ብዪ ሾርባ» እያለች፣ ሌላውን በትከሻው ገለል እያደረገች አለፈች፤ የሕፃኑን ክፍል ከፈተች፤ የቁም ሳጥኑን በር ከፈተች። ጀርባዋን ሰጥታ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከሳሎኑ የሚመጣው አየር በዚህ መካከል እንደ ምድጃ አፍ ሞቆ ነበር፤ ሱቺን ኮሪደሩ ላይ ሆና ፊቷ ላይ ተሰማት። ፋንግሩ ስትመለስ በሩን ከኋላዋ ገጠም አድርጋ መለኪያውን ወደ ሱቺን አዞረችላት። ነጥብ አሥራ ዘጠኝ። ሁለቱም እያዩት ሃያ ሆነ።

«ዕቃ ስናስገባ ሦስት ቀን እዚህ ዋልኩ» አለች ፋንግሩ። «ዓይኔን ያቃጥለኛል ስላቸው ነፍሰ ጡር ዓይኗ ያለቅሳል አሉኝ። እናቴም እንዲያ አለች።»

«አሁኑኑ ከእኔ ጋር ውረጂ። የእኔ ክፍል ጠባብ ናት፤ ግን መስኮት አላት። ፋንግሩ፣ እለምንሻለሁ።»

ፋንግሩ ወደ ተገጠመው በር ተመለከተች። ከወዲያ እናቷ የሰው ስም እየጠሩ ሾርባ ያድላሉ፤ ዴሹ ስለ አዲሱ የባቡር መስመር ያወራል፤ ድምፁ እንደ ጧቱ ከፍ ብሏል። አንዴ እግሯን ወደ ሊፍቱ አነሣች። ባዶ እግሯን አየችው። ከዚያ መለኪያውን ገልብጣ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ ቁጥሩ ጠፋ። የሱቺንን መዳፍ ከፍታ አስቀመጠችላትና ጣቶቿን በላዩ ላይ አጠፈቻቸው።

«ዛሬን ብቻ» አለች። «ነገ መስኮቱን እከፍተዋለሁ።»

ሊፍቱ ሲደርስ ፋንግሩ ወደ ቤት ገብታለች። በሩ ተዘጋ፣ ቁልፉ ዞረ። ሱቺን አልተንቀሳቀሰችም። ከበሩ ወዲያ አሮጊቷ «ምን አለችሽ?» ሲሉ ሰማች፤ ከዚያም የፋንግሩ ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«መልካም ቤት ይሁንላችሁ አለች።»